ቡናው ሲቀላ ኑ

በመስከረም አጋማሽ ሰቶ ሰመሮ የምትነቃው በጭጋግ ውስጥ ነው። በዚህች የጅማ ቀበሌ ባጃጆች በጠዋት መብራት አብርተው ይተላለፋሉ፤ ተማሪዎች ጫማቸውን ከቀይ ጭቃ ለማትረፍ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይረግጣሉ። ቡና የምታፈላ ሴት ከቆርቆሮ ጥላዋ ስር ተቀምጣ ከሰሏን ታራግባለች። አጠገቧ አግዳሚ ላይ ያለው ወጣት አስጎብኚ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጓል። የሚያነጋግረው አዲስ አበባ ያለ የእግር ጉዞ ቡድን አስተባባሪ ነው። ቡድኑ አውቶቡስ ተከራይቷል፤ የመስቀልን ማግስት ቀጥሯል፤ በገራ ደን ውስጥ ለመጓዝ ገንዘብ አዋጥቷል።

«ወንድሜ፣ እዚህ ክረምቱ አልወጣም» ይላል ወጣቱ።

ከወዲያ ያለው ሰው የሚመልሰው አይሰማም፤ መገመት ግን ይቻላል። መስቀል ካለፈ በኋላ ምን ዝናብ አለ? እንጦጦ በአደይ አበባ ተሸፍኗል፤ ሰማዩም ጠርቷል።

«እሱ እናንተ ጋ ነው። እኛ ጋ ቡናው ሲቀላ ኑ።»

ይህች አጭር መልስ አንድ ሙሉ የጉዞ ዕቅድ ይዛለች። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሸቤ፣ በጭራ በኩል ወደ ተራራና ወደ ደን ሰው ይዞ ለመግባት የሚያስብ ሁሉ ከድንኳንም ከጫማም በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ፦ የደቡብ ምዕራቡ ተራራ የሚከፈተው እንቁጣጣሽ ሲጠባ ሳይሆን ቡናው ሲደርስ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ስለ ተራራ ጉዞ ስናስብ ቀድሞ የሚታየን ስሜን ነው፤ ይገባዋልም። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ደባርቅ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ተጓዡ አስጎብኚና ስካውት ይዞ ይገባል፤ የሚያድርባቸው ሰፈሮች ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ተብለው ከታወቁ ዘመናት አልፈዋል። እዚያ መስከረም ሲያልቅ ዝናቡ ይቆማል፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ገደሉ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታያል። በላስታና በመቄት በኩልም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቄት የተጀመረው፣ ተጓዡ ገበሬው ባሠራው ጎጆ እያደረ ከመንደር መንደር የሚሄድበት ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የተቃኘው በዚሁ የሰሜን ሰማይ ነው። በዚህ ምክንያት «ከክረምት በኋላ» ሲባል የአገሩ አደራጅ ሁሉ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይቆጥራል። ያንን አቆጣጠር ወደ ጅማ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ከመኪናው የሚወርደው ጭቃ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ሰማይ ላይ ነው። ለአገራችን ዝናብ የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በበልግ ወደ ሰሜን ጉዞ ሲጀምር ቀድሞ የሚያርሰው ደቡብ ምዕራቡን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጋውን ሁሉ ያዳርሳል። በመስከረም ወደ ኋላ ሲመለስ ሰሜኑን ቀድሞ ይለቅና ደቡብ ምዕራቡን መጨረሻ ላይ ይሰናበታል። ስለዚህ ጅማን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አይለያትም፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ሲከፍል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ ይለዋል። በጅማ ዙሪያ ግን ጥቅምት በመዝገብ በጋ ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ አሁንም ይጮኻል።

አንዳንድ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ይብሱን ይዘገያል። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2023 የሆነው ይኸው ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ኤልኒኖ ተደርቦበት በሶማሌ ክልል ከባድ ጎርፍ አስከትሏል። ስለዚህ አደራጅ የሆነ ሰው የኢንስቲትዩቱን የበጋ ትንበያ እንደወጣ ማንበብ፣ ጉዞው ሲቃረብ ደግሞ የዐሥር ቀኑን ትንበያ መከታተል አለበት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ነው። ሆኖም ቀኑን በነሐሴ ቆርጠው፣ ገንዘቡን ሰብስበው፣ ከዚያ በኋላ ሰማዩን ቀና ብለው የማያዩ ቡድኖች ብዙ ናቸው።

ከትንበያው ሌላ ግን ጅማ የራሷ መለኪያ አላት። ቡና የሚያብበው በበልግ መግቢያ በሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ነው። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ስምንት ዘጠኝ ወር ይወስዳል። በየካቲትና በመጋቢት ያበበው ከጥቅምት ጀምሮ ይቀላል፤ ለቀማው በኅዳር ይደምቃል፤ ከፍ ባለው ቦታ እስከ ታኅሣሥና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ገበሬው እሸት ቡናውን ለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያሰጣዋል። ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በየሰዓቱ እያገላበጠ፣ ደመና ባየ ቁጥር ላስቲክ እያለበሰ ሳምንታት ይጠብቃል። ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የዓመት ልፋቱ በዋጋ ወርዶ ይሸጣል። ስለዚህ በዚህ አገር የጥቅምትን ሰማይ ከቡና ገበሬ አብልጦ የሚያነብ የለም። እሱ ማስጫ አልጋውን ማደስ ሲጀምር አስጎብኚው ቀን ቢቆርጥ አይሳሳትም። እንደ እኔ ግምት ለአራትና ለአምስት ቀን ጉዞ የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ጠዋት ጭጋጉ ባይኖርም አቧራው ይነሳል፤ ቀጥሎም አዲሱ ዝናብ ይመጣል።

ነገር ግን ጥሩው ጊዜ አንድ ከባድ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ብዙ አደራጅ ያላሰበበትም ይህንኑ ነው። በኅዳር በጅማ ዙሪያ ሥራ የሚፈታ ሰው የለም። መንገድ የሚመራው፣ ጓዝ የሚጭነው፣ ፈረሱን የሚያከራየው፣ ሌሊት ካምፕ የሚጠብቀው ሰው ራሱ ቡና ለቃሚ ነው፤ ወይም የራሱን ማሳ ሌላ እንዳይለቅምበት የሚጠብቅ ነው። በለቀማ ሰሞን ከነቀርጫቱ ደን ውስጥ የሚውል ቤተሰብ ልጁንም ሽማግሌውንም ይዞ ነው የሚወጣው። ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ የተማሪ ቁጥር ይጎድልባቸዋል። ከአዲስ አበባ ደውሎ «ነገ ሁለት ሰውና ሦስት ፈረስ አዘጋጅልን» የሚል አስተባባሪ ከአንድ ቤተሰብ የምርት ቀን እየቀነሰ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ሌላው ነገር ጥርጣሬ ነው። ቡና በቀላበት ወር በደን ውስጥ የማይታወቅ ሰው ማየት ባለ ቡናውን አያስደስተውም። ቡናው ግንድ ላይ ያለ ገንዘብ ነው። ጀርባቸው ላይ ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ እንግዶች ከመንገድ ወጥተው በቡናው መሃል ሲያልፉ ውሻው ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ይነሳባቸዋል፤ አያስወቅሰውም። ደኑ ለከተሜው ዱር ይመስለዋል እንጂ እያንዳንዱ ጥግ ባለቤት አለው። የዛፉ ጥላ፣ ከጥላው ስር ያለው ቡና፣ ከቡናው ስር ያለው ኮረሪማ፣ ዛፉ ላይ የተሰቀለው የንብ ቀፎ ሁሉ የእገሌ ነው።

ይህ ባለቤትነት በወረቀትም መልክ ይዟል። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው «በለጠ ገራ» የሚባለው ደን 150,000 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ጥብቅ ደን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጃይካ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሆኖ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ አካሄደበት። በየመንደሩ ገበሬዎች «ዋቡብ» የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት አቋቋሙ፤ ደኑን ላለመመንጠር ቃል ገቡ፤ በምላሹ የመጠቀም መብታቸው ታወቀላቸው። የደን ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስን ማረጋገጫ አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ። በመንግሥት በኩል ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። እንግዲህ ተጓዥ ይዞ ወደ ገራ የሚገባ ሰው ደጅ የሚጠናው ሁለት ቦታ ነው፦ ከድርጅቱና ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ደግሞ ቡና ይጠጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይተናነስም። እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ጭቃ ውስጥ የቀረ መኪና የሚገፋው፣ እግሩ የተወለከፈን ሰው በቃሬዛ የሚያወጣው የዚያ መንደር ሰው ነውና።

የባለቤቱን ፈቃድ ሳያገኙ ይህን ደን ለማቋረጥ መሞከር ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ አሮጌ ታሪክ አለ። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር የላካቸው አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ ከሸዋ ተነስተው በጊቤ ነገሥታት አገር በኩል ወደ ከፋ ሲጓዙ ገራ ላይ ደረሱ። የገራዋ ንግሥት አላሳልፍም ብላ ያዘቻቸው። ኪያሪኒ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1879 እዚያው በግዞት ሳለ ሞተ። ቼኪ በሕይወት ወጥቶ ስለ ጉዞው ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ዘመኑ ሌላ ነው፤ ዓላማቸውም ከዛሬው የእረፍት ቀን ተጓዥ ጋር አይገናኝም። ግን ኪያሪኒ የሞተበት ሳምንት ስልኩ ላይ ያለው አስተባባሪ ሊመጣ ከቀጠረው ጊዜ ብዙ አይርቅም። በዚያ ወቅት ደኑ እርጥብ ነው፤ ወንዙ ሙሉ ነው፤ በሽታ ይበረታል፤ መውጫ መንገድ የሚሰጠውም የአገሩ ባለቤት ብቻ ነው።

መንገዱን ስናወጣ ከቀላሉ እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነች። ስለዚህ ከዋና ከተማዋ የሚመጣ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፤ ወደ ታች ነው የወረደው። የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው፦ እርጥበት፣ ሙቀት፣ ጭቃና አቀበት። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ቀን ለእግር መፈተሻ መሆን አለበት፤ ለዚያም ጅሬን የሚያህል ቦታ የለም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው አድሮ በማግስቱ ከከተማው ጅሬን ኮረብታ ላይ በእግሩ ይወጣል። እዚያ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ከሰገነቱ ሥር ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ነጋዴው ከየአገሩ ይጎርፍበት የነበረው የሂርማታ ገበያ ሜዳ ዛሬ የከተማዋ እምብርት ሆኖ ይታያል። በዚህ ወጣ ገባ ላይ አስጎብኚው የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ማን በአዲስ ጫማ መጣ? ማን ወደ ኋላ ቀረ? ማን ጉልበቱን እያሸ ነው? የቀጣዮቹን ቀናት ርዝመት መወሰን ያለበት ያን ዕለት ማታ ነው።

ሁለተኛው ቀን በለጠ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ደኑ መንገዱን ከሁለት በኩል ይይዘዋል። ቀረሮው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሥሩ ጥላ ወዳዱ ቡና፣ ከዚያም ሥር ኮረሪማ። ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር ነጭ ጅራቱ ከቅጠሉ ቀድሞ ይታያል። ይህ ከስሜን የተለየ ጉዞ መሆኑን ተጓዡ አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ የአደራጁ ግዴታ ነው። እዚህ ሩቅ አይታይም። ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ያዝናል። የሚታየው ቅርቡ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ከሚታየው ይበልጣል። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዝም ብሎ የሚቆም ቡድን ብዙ ያያል፤ እያወራ የሚያልፍ ሃያ ሰው ግን ሃያ ጀርባ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ለደን ጉዞ ከስምንት ሰው በላይ በአንድ አስጎብኚ ስር አይሁን እላለሁ። ሃያ ሰው ከመጣ ሦስት ቡድን፣ ሦስት አስጎብኚ፣ ሦስት መነሻ ሰዓት ያስፈልገዋል።

ከዚያ ገራ ይቀጥላል። መንገዱ በአጋሮ በኩል ዞሮ ወደ ወረዳዋ ከተማ ወደ ጭራ ይወስዳል። በመንገድ ላይ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፤ የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ እያለ የሚኮራባት ቀበሌ ነች። ከጎጀብ ማዶ ያለው የከፋ ሰው ደግሞ ማንኪራን ይጠራል። ይህን ክርክር እዚህ የመዳኘት ሐሳብ የለኝም፤ አስጎብኚም ባይገባበት ይመረጣል። ከጭራ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት የጉዞው ልብ ናቸው። ደኑ ወደ ጎጀብ ወንዝ እየወረደ ይሄዳል፤ መንደርና ደን ይፈራረቃሉ፤ ድንኳን የሚተከለው ማኅበሩ ባመለከተው ግጦሽ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ያለው ቡድን ወደ ዋናው መንገድ ተመልሶ ጎጀብን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ የባዮስፌር ክልልና የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙ እዚያ ናቸው።

ጫፍ መርገጥ የሚፈልግ ሰው ግን ፊቱን ወደ ማይ ጉዶ ያዙር። ማይ ጉዶ ከጅማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በግልገል ጊቤና በጎጀብ ሸለቆዎች መካከል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። እዚያ ቡናው ታች ይቀራል፤ ማሳውም ያልቅና ብርዱ ይጀምራል። ማይ ጉዶን ለሚወጣ ሰው ትልቁ ጠላቱ መብረቅ ነው። በጅማ ዙሪያ ደመና የሚከማቸው ምድሩ በፀሐይ ከጋለ በኋላ ከቀትር ወዲያ ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ንጋት 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት መነሳት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የትም ይደረስ የት ፊትን ወደ ታች ማዞር። ይህ ሰዓት ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ይነገር። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ተመለሱ የሚል አስጎብኚ የሚከራከሩት ሰዎች የሚበዙበት አስቀድሞ ስላልነገራቸው ነው።

ስለ አደጋ ስናወራ ቀዩን አፈር መርሳት አይገባም። በዚህ አገር ያለው ጥልቅ ቀይ አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ የብዙ ሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው ሽቅብ ሲወጣ ሳይሆን ቁልቁል ሲወርድ ነው። ሁለት ምርኩዝ ከአንድ ውድ ጫማ ይበልጣል፤ ከመንደሩ ልጆች ላይ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ወንዞቹም ከሰዓት በኋላ በላይ በዘነበው ዝናብ ይሞላሉ፣ ሌሊት ይጎድላሉ። ማታ ደርሶ ሞልቶ ያገኘውን ጅረት ለመሻገር የሚቸኩል ቡድን እስከ ጠዋት ቢጠብቅ ውሃው ከጉልበቱ አያልፍም።

ከዚህ የከፋው ናዳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ጎረቤቶች ነበሩ። ጎፋ ከጅማ ይርቃል፤ ግን ምድሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ዳገታማ፣ ጥልቅ አፈር ያለው፣ ወራት ሙሉ ዝናብ የጠጣ። ክረምት ወጣ ማለት ዳገቱ ውሃውን ጨረሰ ማለት አይደለም። ከዳገት ግርጌ፣ በተለይ ዛፉ ከተቆረጠበትና አዲስ መንገድ ከተቆፈረበት ሥር፣ ድንኳን አይተከልም። አዲስ ስንጥቅ የታየበት ዳገት ካለ መንገዱ ይቀየራል፤ መንደሩም ይነገረዋል።

ወባ ደግሞ የዚህ ወቅት ጓደኛ ነው። በአገራችን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው፤ ይህም ማለት ተራራው በሚከፈትበት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው በኦሮሚያ ነው። ከገራ ከፍታ ላይ ያደረ ሰው ብዙም አይሰጋ ይሆናል፤ ወደ ጎጀብ ቆላ የወረደና በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር ያደረ ግን አጎበር ያስፈልገዋል። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ደንና ቆላ እንደነበረ ለሐኪሙ መናገር አለበት። በመንገድ ላይ ከባድ ሕመም ቢደርስ መድረሻው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። አደራጁ ከእያንዳንዱ ማደሪያ እስከዚያ ድረስ በፈረስ ስንት ሰዓት፣ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይኖርበታል። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ላይ ይህ ወረቀት ከስልክ ይሻላል። የጸጥታውን ሁኔታም እንዲሁ፤ ሳምንት ሲቀረው ከዞኑ፣ ቀን ሲቀረው ከወረዳው ይጠየቃል። «አይሆንም» ከተባለ ጉዞው ይቀራል።

ከክረምት በኋላ ሰማይ ጠራ ማለት ሁልጊዜ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ኔፓል አሳዛኝ ምስክር ናት። የሂማላያ ጉዞም እንደኛው የሚደራው የሞንሱን ዝናብ ሲያቆም በጥቅምት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2014፣ የጉዞው ወቅት በደራበት ሰሞን፣ ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ በአናፑርና ዙሪያ በረዶ አወረደና ቢያንስ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል አስጎብኚዎችና ጓዝ ተሸካሚዎችም ነበሩ። አውሎ ነፋሱ ሕንድ ላይ ማረፉ ከሁለት ቀን በፊት የታወቀ ነበር፤ ወሬው ግን ተራራው ላይ ለነበሩት ብዙዎች አልደረሰም። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዥ ያለ አስጎብኚ እንዳይሄድ ደንግጋለች። የእኛ ተራራ በረዶ ባይኖርበትም ትምህርቱ ይገባናል፦ ካምፕ ላይ ያለው አስጎብኚ በየማታው ከጅማ ትንበያ የሚቀበልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ኔትወርክ ያለበትን ኮረብታ እሱ ያውቀዋል፤ ከሌላው ጫፍ ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው መመደብ አለበት።

ምግብና በዓልን በመጨረሻ ማሰብ ልማድ ሆኗል፤ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል፤ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ቡድን ግማሹ ጾመኛ ሊሆን ይችላል። የጅማ ሰው ደግሞ በብዛት ሙስሊም ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ በእነዚህ ዓመታት የሚገጥመው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በጾም ወር ውሃ ሳይቀምስ የሰው ጓዝ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው መቅጠር ነውር ነው። በዚያ ወር መጓዝ ግድ ከሆነ ቀኑ ይጠር፤ ጓዙ በፈረስ ይሁን፤ ማታ ማፍጠሪያው ሰዓት ላይ ቡድኑ ካምፕ ገብቶ ይገኝ። ሥጋን በተመለከተ እንግዳው ክርስቲያን፣ አስተናጋጁ ሙስሊም ሲሆን የጋራ ማዕድ እንዳይለያይ የሚቀለው መንገድ ሽሮ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ማር ይዞ መሄድ ነው። በዚህ አገር አቮካዶና ሙዝ አይጠፋም። አስተናጋጁ ቤት ቡና ቀላ ከቀረበ ግን ሰበብ አይደርደር፤ በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ነው። ጾመኛ ከሆኑ ቅቤ አለበት ብሎ በአክብሮት መናገር ይበቃል፤ «ኦቦ፣ ጾም ይዤ ነው» ያለን እንግዳ የሚቀየም ሽማግሌ የለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ገንዘቡ የት ይገባል የሚለው ነው። ዛሬ በብዙ ጉዞ ላይ ትልቁ ክፍያ የሚቀረው አዲስ አበባ ነው፦ አውቶቡሱ፣ አደራጁ፣ ማስታወቂያው። ደኑ ውስጥ የሚደርሰው ለአስጎብኚ የሚሰጠው አበልና ለፈረስ ኪራዩ ነው፤ እሱም ሲመለሱ፣ በመሰናበቻው ሰዓት፣ ጉርሻ ይመስል በእጅ ይሰጣል። በኅዳር ይህ አይሠራም። ያን ዕለት ለእንግዳ ሲል ከቡናው የቀረ ሰው ቢያንስ ለለቃሚ ከሚከፈለው የቀን ዋጋ በላይ ማግኘት አለበት፤ እሱም ከመሄዱ በፊት። ቀብዱ በጳጉሜን ከተከፈለ አስጎብኚው ለእነዚያ ቀናት ምትክ ለቃሚ ይዋዋልበታል፤ ቡናው መሬት ላይ አይረግፍበትም፤ እሱም ከተጓዡ ጋር ሲውል ልቡ ማሳው ላይ አይቀርም። የደን ማኅበሩ ድርሻ ደግሞ በደረሰኝ፣ በሰው ልክ፣ በማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ደን ጠብቀው ቡና በተሻለ ዋጋ የሸጡ ገበሬዎች ከመንገዳቸውም እንዲጠቀሙ ከተደረገ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንን መንገድ ማንም ሳይጠይቃቸው ይመነጥራሉ፤ የወደቀውን ግንድ ያነሳሉ፤ ከጅረቱ ላይ ድልድይ ያጋድማሉ።

ይህን የሚያስተባብር አካል ያስፈልጋል። የጅማ ዞን ባህልና ቱሪዝም፣ የደን ድርጅቱና ማኅበራቱ በነሐሴ አንድ ቀን ተቀምጠው በዚህ ዓመት የትኛው መንገድ እንደሚከፈት፣ የት ቡና ስለሚለቀም በየትኛው ሳምንት እንደሚዘጋ፣ ስንት ሰው በቀን እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚከፈል ቢወስኑና አንድ ገጽ ላይ አትመው በሰቶ ሰመሮም፣ በአጋሮም፣ በአዲስ አበባም ቢለጥፉት የሥራው ግማሽ ያልቃል። በዚያች ገጽ ላይ የመክፈቻው ቀን ቦታ ለጊዜው ባዶ ይተው፤ ሽማግሌዎቹ ማስጫ አልጋቸውን ሲዘረጉ ይሞሉታል።